ምዕራፍ 3፦ ምን አይቶ ነው የደነገጠው?

እህቴ በወለደች በስምንተኛው ቀን ነው። ቤቱን የአጥሚት ሽታ ሞልቶታል፤ ጠያቂ ገብቶ ጠያቂ ይወጣል፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ድምፅ ከበሩ አይጠፋም። እናቴ የልጅ ልጇን አጥባ፣ ገና ልብሱን ሳታለብሰው ፍራሹ ላይ ልታጋድመው ዝቅ ስታደርገው ጭንቅላቱ ከመዳፏ ላይ ትንሽ ሸርተት አለ። ቢበዛ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። ሕፃኑ ሁለት ክንዶቹን ግራና ቀኝ ወረወራቸው፤ ጣቶቹ ተበረገዱ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ለአፍታ እንዲያ ሆኖ ቆየና ክንዶቹን እያንቀጠቀጠ ወደ ደረቱ ሰበሰባቸው። ሊያቅፈው የፈለገውን ነገር ያጣ ይመስል ነበር። ከዚያ ለቅሶውን አቀለጠው።

«በስመ አብ ወወልድ!» አለች እናቴ። «ምን አይቶ ነው እንዲህ የደነገጠው?»

«ምንም አላየም እማዬ። የወደቀ መስሎት ነው።»

«አንተ ሐኪም ሁን እንጂ የአራስ ቤት ነገር የት ታውቃለህ» አለችኝና ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጀርባውን መታ መታ ታደርገው ጀመር።

ማታ ፍራሹን ላስተካክል ሳነሳ ከሥሩ ቢላዋ አገኘሁ፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ። ብረት ባለበት ክፉ ነገር አይቀርብም የሚለው እምነት ከእኔም ከእሷም ዕድሜ በላይ ስለሆነ አልተከራከርኩም። ቢላዋውን ከፍራሹ አውጥቼ ከአልጋው እግር ሥር፣ መሬት ላይ አኖርኩት። እናቴ አይታኛለች፤ ምንም አላለችም። እንዲህ ተስማማን።

ያቺ ድንጋጤ ስም አላት፤ የሞሮ ሪፍሌክስ ትባላለች። ሪፍሌክስን «አጸፋዊ ምላሽ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ጥሩ ትርጉም ነው፤ ነገር ግን በየሆስፒታሉ ኮሪደር የሚነገረው ሪፍሌክስ ስለሆነ እኔም በእሱ እቀጥላለሁ። ትኩስ ምጣድ የነካ ሰው አስቦ አይደለም እጁን የሚያነሣው። እጁ ከተነሣ በኋላ ነው «አቃጠለኝ!» የሚለው። ትእዛዙ የወጣው ሐሳብ ከሚፈልቅበት የአንጎል ክፍል ሳይሆን ከህብለ ሰረሰር ነው። እኛ አዋቂዎች እንዲህ ያሉ ምላሾች ቢኖሩንም አብዛኛውን እንቅስቃሴያችንን ላይኛው አንጎል ይዞታል። አራስ ልጅ ዘንድ ግን ላይኛው አንጎል ገና ሥራውን አልተረከበም። የነርቭ መስመሮቹ ማይሊን የሚባለውን የስብ ሽፋን ገና ለብሰው አልጨረሱም፤ ሽፋን የሌለው መስመር ደግሞ መልእክት የሚያደርሰው እየተንቀራፈፈ ነው። ስለዚህ ቤቱን ለጊዜው የሚያስተዳድሩት የታችኞቹ ናቸው፦ የአንጎል ግንድና ህብለ ሰረሰር። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሪፍሌክሶች ሁሉ የእነሱ ሥራ ናቸው።

ኤርንስት ሞሮ በ1874 (በዚህ መጽሐፍ ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ዛሬ የስሎቬኒያ ዋና ከተማ በሆነችው በሉብሊያና የተወለደ፣ ጀርመን ሃይደልበርግ ያስተማረ የሕፃናት ሐኪም ነበር። በዘመኑ መጀመሪያ ስሙ የተነሣው በካሮት ነው። በ1908 በተቅማጥ ለሚያልቁ ሕፃናት ለረጅም ጊዜ የተቀቀለ፣ ጨው ጣል የተደረገበት የካሮት ሾርባ አዘጋጀ፤ የሕፃናቱም ሞት ቀነሰ። ድንጋጤዋን ጽፎ ያሳወቃት ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1918 ነው። ሕፃኑን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ትራሱን ግራና ቀኝ በመዳፉ ይመታል፤ ሕፃኑ ክንዶቹን ይዘረጋል፤ ከዚያ ይሰበስባል። ሞሮን የማረከችው ሁለተኛዋ እንቅስቃሴ፣ መሰብሰቧ ናት። ይህ ማቀፍ ነው፤ ከእናቱ ላይ የሚንሸራተት ግልገል መልሶ የሚንጠላጠልበት መላ ነው አለ። ሰሜን ተራሮች ላይ ጭላዳዎችን ያየ ሰው ሐሳቡ አይከብደውም። የጭላዳ ግልገል ከእናቱ ሆድ ሥር ጠጉሯን ጨብጦ ነው ገደል ለገደል የሚዞረው። የእኛ ልጅ የሚጨብጠው ጠጉር የለም። ክንዱ ግን አሁንም ይፈልገዋል።

የምላሹ መነሻ ውስጠኛው ጆሮ ነው። ሚዛን የሚጠብቀው አካል ጭንቅላቱ በድንገት ዝቅ ማለቱን ለአንጎል ግንድ ይነግራል፤ ትእዛዙ ከዚያው ይወጣል። ኃይለኛ ድምፅም ያስነሣታል፤ በር ሲዘጋ፣ ድስት ሲወድቅ። ሕፃኑ ምንም ማየት አያስፈልገውም። ዓይኑን ጨፍኖም ይደነግጣል፤ ሌሊት ብቻውን በተኛበትም ይደነግጣል። ማህፀን ውስጥ እያለ በ28ኛው ሳምንት ገደማ ትጀምራለች፤ ቀኑን ሞልቶ ሲወለድ የተሟላች ትሆናለች፤ ከሦስት ወር በኋላ እየደከመች ሄዳ በስድስተኛው ወር ትጠፋለች። እነዚህን ቀኖች አንባቢ እንዲይዛቸው እፈልጋለሁ። ከሪፍሌክስ ጋር ያለን ጉዳይ የቀጠሮ ጉዳይ ነው፦ በቀኑ መጣ ወይ? በሁለቱም ጎን መጣ ወይ? በቀኑስ ሄደ ወይ?

ሐኪም አራስ ልጅን ሲመረምር ጭንቅላቱን በመዳፉ ደግፎ በድንገት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲያደርገው እናቶች ይቆጣሉ። አይፈረድባቸውም። ሐኪሙ ግን የሚያየው ሁለቱ ክንዶች እኩል መወርወራቸውን ነው። አንዱ ተነሥቶ ሌላው ከጎን ተንጠልጥሎ ከቀረ ታሪኩን ከወሊዱ ይጠይቃል። ልጁ ትልቅ ነበር? ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ተይዞ ነበር? እንዲህ ባለ ወሊድ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች ሊለጠጡ ይችላሉ፤ ወይም ከአንገት ሥር ያለችው ቀጭን አጥንት ትሰበራለች። የነርቩን ጉዳት የገለጸው ቪልሄልም ኤርብም የሃይደልበርግ ሰው ነው፤ የገለጸበትም ዓመት ሞሮ የተወለደበት 1874 ነው። አጥንቷ አራስ ላይ በፍጥነት ትጠገናለች። ነርቩም ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፤ የሚያስፈልገው ክትትልና በባለሙያ የሚሰጥ ቀስ ያለ የእጅ እንቅስቃሴ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የተንጠለጠለ ክንድ ያለው አራስ ቀጥታ ወጌሻ ቤት ሲወሰድ አይቻለሁ። ወጌሻ ለአዋቂ ወለምታ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሌላ ክርክር ነው፤ የተለጠጠ ነርቭ ግን ተጨማሪ መጎተት አይችልም።

ከሞሮ ቀጥሎ ቤተሰብን የሚያስደስተው መጨበጥ ነው። ጣትህን መዳፉ ላይ ብታሳርፍ ሙጭጭ ይላል። «አጎቱን አወቀ!» ይባላል። አጎቱን አላወቀም፤ እስክሪብቶ ብታስይዘውም ያው ነው። ሉዊስ ሮቢንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1891 የጻፈው ሙከራ ዛሬ ቢደረግ ሥራ ያስከለክላል፦ ከ60 በላይ አራስ ሕፃናትን፣ ቢያንስ ግማሾቹን ገና ከተወለዱ ሰዓት ሳይሞላ፣ በትር አስይዞ አንጠለጠላቸው። የራሳቸውን ክብደት ተሸክመው ተንጠለጠሉ። ጥቂት ሰከንድ የቆዩ አሉ፤ የሦስት ሳምንት ዕድሜ የነበረው አንዱ ግን 2 ደቂቃ ከ35 ሰከንድ ቆየ። እኔ ጂም የምሠራ ሰው ነኝ፤ ያን ያህል አልቆይም። (ቤት ውስጥ አይሞከርም። መያዙን ያወቀውን ያህል መልቀቁን አያውቅም፤ በድንገት ይለቃል።)

እግሩም የራሱ ታሪክ አለው። የአዋቂን ውስጥ እግር ከተረከዝ ወደ ጣት በቁልፍ ጫፍ ብትፍቅ አውራ ጣቱ ወደ ታች ይታጠፋል። የአራስ ግን ወደ ላይ ይቀናል፤ ሌሎቹ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ጆሴፍ ባቢንስኪ ፓሪስ ውስጥ በ1896 ስለዚህች የአውራ ጣት እንቅስቃሴ የጻፈው 28 መስመር ብቻ ነበር፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠቀስ ይኖራል። አዋቂ ላይ ሲታይ ከአንጎል የሚወርደው መስመር መጎዳቱን ይናገራል፤ ሕፃን ላይ መስመሩ ገና ተዘርግቶ አለማለቁን። ያው ምልክት ነው፤ የሚለየው ዕድሜው ነው።

አራሱን በብብቱ ደግፈህ እግሩን ጠረጴዛ ብታስነካው ደግሞ ተራ በተራ ይራመዳል። አያት ያለበት ቤት «ይኼማ በስድስት ወሩ ይሄዳል» መባሉ አይቀርም። በሁለተኛው ወር ገደማ እርምጃው ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «ምን ሆነ?» ይመጣል። ሳይንቲስቶችም ለረጅም ጊዜ አንጎል ሲበስል እርምጃውን አፈነው ብለው ያምኑ ነበር። ኤስተር ቴለን የምትባል አሜሪካዊት ከባልደረቦቿ ጋር በ1984 ያደረገችው ነገር ቀላል ነው። መራመድ ያቆሙ ሕፃናትን እስከ ደረታቸው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆመቻቸው። ተራመዱ! ገና በሚራመዱት እግር ላይ ደግሞ ትንሽ ክብደት ብታስር እርምጃቸው ቀነሰ። አንጎል አልከለከላቸውም፤ ጡት የጠባ እግር በሁለት ወር ውስጥ ከጡንቻው ይልቅ በስብ ስለሚከብድ ማንሣት አቅቷቸው ነው። ውኃው ሸክሙን ያዘላቸው። ይህን ጥናት እወደዋለሁ። መደነቂያው አንድ ገንዳ ውኃ ብቻ ነውና።

ከሁሉም ሪፍሌክሶች ሕይወት የተንጠለጠለችበት ግን አፍ ላይ ያለው ነው። ጉንጩን በጣትህ ብትነካ ሕፃኑ ወደ ነካኸው ጎን ዞሮ አፉን ይከፍታል፤ ጡት ፍለጋ ነው። ይህን ያላወቀች አስጠቢ ብዙ ትደክማለች። አንዲት እናት ገጠመችኝ፤ ገና ልጅ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ አማቷ አጠገቧ ቆመው የልጁን ጭንቅላት ወደ ጡት ለማስጠጋት በውጭ በኩል ያለውን ጉንጩን በእጃቸው ይገፋሉ። ልጁ ደግሞ ወደ እጃቸው ይዞራል። ይገፋሉ፤ ይዞራል። «ጡት ጠላ» ይላሉ። አልጠላም፤ የታዘዘውን እያደረገ ነው። «እማማ፣ እጅዎን ያንሡልኝ» ብዬ ሕፃኑን ከትከሻው ደግፌ የጡቷን ጫፍ ከከንፈሩ በላይ ስናስነካው አፉን በሰፊው ከፍቶ ያዘ። ሴትየዋ ለደቂቃ ያህል ዝም ብለው አዩትና «ተንኮለኛ» አሉት። እኔን ይሁን እሱን እስካሁን አላወቅኩም።

መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ሳያምታቱ ማስኬድ የሚቻለው በ34ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ነው። ከዚያ ቀድሞ የተወለደ ልጅ ጡት ቢልስም ሆዱን የሚሞላው የእናቱ ወተት እየታለበ በቀጭን ቱቦ ሲሰጠው ነው። በጊዜው የተወለደው ግን በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ላይ መሆን አለበት። ያቺ ወፈር ያለች ቢጫ እንገር «ቆሽሿል» ተብላ ስትጣል፣ በምትኳ ቅቤ ወይም ስኳር በውኃ ሲቀመስ፣ የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ነው መሬት ላይ የፈሰሰው።

እና ደህና ሲጠባ የነበረ ልጅ ጡት ቢተውስ?

ይህን ጥያቄ በዝግታ ልሂድበት፤ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ አንዱን ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ካለ ይህን ያስታውስ። አራስ ልጅ ሲታመም እንደ ትልቅ ልጅ አያስልም፣ እንዲህ አመመኝ አይልም፤ ትኩሳት እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ አንዳንዴ ገላው የሚቀዘቅዘው በሕመሙ ምክንያት ነው። አስቀድሞ የሚደክመው መጥባቱ ነው። ጡቱን ይይዝና ይተዋል፤ ሁለቴ ስቦ ይተኛል፤ ቀስቅሰው ቢያስይዙትም አፉ ላይ ያለውን ረስቶት ይቀራል። ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ገብቶ ይሆናል። ትንፋሹ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከ37.5 በላይ ወይም ከ35.5 በታች ከሆነ፣ ካልነኩት በቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ጉዳዩ የሰዓታት ነው። እስከ ነገ አይቆይም።

መንጋጋ ቆልፍ የሚታወቀውም በዚሁ በአፍ ነው። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደህና ጠብቷል፣ አልቅሷል። ከሦስተኛው ቀን እስከ 28ኛው ባለው ጊዜ መጥባት ያቅተዋል፤ ከዚያ ይገተራል፤ ሲነኩት፣ ድምፅ ሲሰማ ሰውነቱ ይወጠራል። ጀርሙ የገባው በእትብቱ ነው፤ ባልጸዳ ምላጭ በተቆረጠ ወይም እበትና ቅቤ በተቀባ እትብት። ኢትዮጵያ የእናቶችና የአራስ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን ማስወገዷ የተረጋገጠው በ2017 ነው። ማስወገድ ሲባል ግን ጀርሙ ከአፈር ጠፋ ማለት አይደለም፤ እርጉዝ ሴት ክትባቷን ካልወሰደች ያው እዚያው ግቢ ውስጥ አለ።

የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ልጅ ጡት ሲተው በብዙ ሰፈር መጀመሪያ የሚነገረው «እንጥሉ ወርዷል» ነው። ቆራጭ ይፈለጋል፤ ይመጣል፤ ይቆርጣል፤ ደም ይፈስሳል። ሕፃኑ አፉ ቆስሎ ይብስ አይጠባም። በዚህ መሃል ያለፈው ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴ ሙሉ ቀን፣ መድኃኒት ሊሠራ የሚችልበት ሰዓት ነበር። የእንጥልን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ከቁስሉ በላይ የሚያበሳጨኝ የጠፋው ሰዓት ነው። ሰዎቹ ምልክቱን አልሳቱትም እኮ። ልጁ መጥባት እንደተወ አይተዋል፣ ከባድ ነገር መሆኑንም አውቀዋል። የሳቱት የሚሄዱበትን በር ነው።

ወደ ቢጫው እንምጣ። የወፍ በሽታ ስሙ ራሱ ታሪክ ነው፤ ወፍ፣ አንዳንዱ ቤት ደግሞ የሌሊት ወፍ፣ በላይ አልፋበት ነው ይባላል። በጊዜያቸው ከተወለዱ 10 ሕፃናት 6ቱ ያህል በመጀመሪያው ሳምንት ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይላል፤ ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት ደግሞ 8ቱ። ማህፀን ውስጥ ኦክስጅን በቁጠባ ስለሚገኝ ሕፃኑ ቀይ የደም ሴል በብዛት ይዞ ይወለዳል። ከተወለደ በኋላ ትርፉ ይፈርሳል፤ ከፍርስራሹ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ይህን አጣርቶ በሐሞት በኩል ማስወገድ የጉበት ሥራ ነው፤ የአራስ ጉበት ደግሞ ገና ሥራ ለማጁ ነው። ቢጫው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይታያል፤ በአራተኛ በአምስተኛው ይበረታል፤ ከዚያ ይለቃል።

በእንግሊዝ ኤሴክስ ውስጥ፣ በሮችፎርድ ሆስፒታል፣ ዣን ዋርድ የምትባል የአራስ ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበረች። ንጹህ አየርና ፀሐይ ከተዘጋ ክፍል ይሻላል የምትል ሴት ስለነበረች በበጋው ወራት ሕፃናቱን ግቢ እያወጣች ታንሸራሽራቸው ነበር። በ1956 አንድ ቀን ሐኪሞቹ ለጉብኝት ሲመጡ አንድ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ልብስ ገልጣ አሳየቻቸው። ገላው ነጣ ብሏል፤ አንዲት ሦስት ማዕዘን ቦታ ብቻ ደማቅ ቢጫ ናት። ምን ቀባሽው? አሏት። አልቀባችውም። የአንሶላው ጫፍ ተጣጥፎ የሸፈናት ቦታ ናት፤ ፀሐይ ያላገኛት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ቢሊሩቢኑ ሊለካ የተቀዳ የአንድ ሕፃን ደም መስኮት አጠገብ ፀሐይ ላይ ተረስቶ ሲገኝ ልኬቱ ከሚጠበቀው እጅግ ዝቅ አለ። ዶክተር ሪቻርድ ክሬመርና ባልደረቦቹ ነገሩን ተከታትለው በ1958 ሰው ሠራሽ መብራት ይዘው ብቅ አሉ። ዛሬ በየሆስፒታሉ ሕፃናት ዓይናቸው ተሸፍኖ የሚተኙበት ሰማያዊ መብራት የመጣው ከዚያች ሦስት ማዕዘን ነው። ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ያለውን የቢሊሩቢን ቅርጽ ይለውጠዋል፤ የተለወጠው ደግሞ የጉበትን ማጣሪያ ሳይጠብቅ ይወጣል።

«ታዲያ እኛስ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እናሞቀው የለ?» ትላለች እናቴ። እውነቷን ነው፤ የጠዋት ፀሐይ ለአጥንቱ ደግ ነገር ነው። ለከበደ ቢጫነት ግን አይበቃም። መብራቱ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ሙሉ ገላን ቀንና ሌሊት ያበራል። ፀሐይ ላይ ያን ያህል የቆየ ራቁት አራስ ወይ ይቃጠላል ወይ ይበርደዋል። ለጠይም ልጅ ቆዳውን ብቻ ማየት ያሳስታል፤ የዓይኑን ነጭ፣ ድዱን፣ ግንባሩን በጣት ጫን አድርጎ ሲለቁ የሚታየውን መልክ ማየት ይሻላል፤ ይህም በቀን ብርሃን፣ በር ላይ። አራስ ቤት በመጋረጃ ተጨልሞ ስለሚቆይ ቢጫው ሳይታይ የሚከርምበት ጊዜ አለ። ገና 24 ሰዓት ሳይሞላው ቢጫ ያለ ልጅ፣ መዳፉና ውስጥ እግሩ ድረስ የደረሰበት ልጅ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። የእናቱ ደም ኔጌቲቭ ሆኖ የሱ ፖዘቲቭ ከሆነ በተለይ። ሁለት ሳምንት አልፎት አሁንም ቢጫ የሆነና ዓይነ ምድሩ እንደ ኖራ የነጣ ልጅ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ የሐሞት መንገዱ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ያ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ቢሠራ ነው የሚመረጠው።

ቢሊሩቢን ሲያልፍ ሲያልፍ አንጎል ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ምን ይታያል? ልጁ ይዝላል፣ መጥባቱ ይደክማል፣ የሞሮ ድንጋጤውም ትፈዛለች። በር ብትዘጋ አይደነግጥም። እናት ልጇ «ጨዋ ሆነ፣ እንቅልፋም ሆነ» ልትል ትችላለች። ቀጥሎ ጩኸቱ ይቀጥናል፤ ጀርባው ወደ ኋላ እንደ ደጋን ይለጠጣል። እዚያ የደረሰ ጉዳት አይመለስም፤ መስማትና እንቅስቃሴ ላይ ዕድሜ ልክ ይቆያል። እናቴን ያስደነገጣት ድንጋጤ፣ የጠፋች ቀን ነው ይበልጥ ልታስደነግጣት የሚገባ።

እንግዲህ የመጨረሻው ጉዳይ ቀኗ ካለፈ በኋላ የምትመጣ ድንጋጤ ናት። አራስ ልጅ ሲያለቅስ አገጩና እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እጁን ቀስ ብለህ ብትይዘው ይቆማል። ይህ የሚያሰጋ አይደለም። ይዘኸው የማይቆም፣ ዓይኑን ወደ አንድ ጎን የሚያስቀር፣ አንድ እጅና እግርን ብቻ የሚያርገበግብ ከሆነ የሚጥል ሕመም ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን በአራትና በስምንት ወር መካከል በብዛት የሚጀምረው ነው። ልጁ ከእንቅልፉ ይነሣል፤ በድንገት አንገቱን ደፍቶ ክንዶቹን ይወረውራል፤ ይለቀዋል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ይደግመዋል፤ እንደገና። አሥር፣ ሃያ ጊዜ። ሞሮ ይመስላል፤ እጅ የሚነሣም ይመስላል። የሞሮ ቀን ግን አልፏል፤ ሞሮ ደግሞ ጭንቅላት ሳይወርድ፣ ድምፅ ሳይሰማ፣ በተርታ አይመጣም።

ይህን ለዓለም የገለጸው ዊሊያም ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው፤ በ1841 ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። ታካሚው የገዛ ልጁ ነበር። በአራት ወሩ አንገት የመስበር ምልክት አየበት፤ ከዚያ በረታ፤ ሳቁ ጠፋ፤ የለመደውን ተወ። አባት የሚያውቀውን መድኃኒት ሁሉ ሞክሮ፣ ለንደን ድረስ ሄዶ አማክሮ ሲያቅተው የሙያ ጓደኞቹን እባካችሁ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ አለ። በዘመኑ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ሕመሙ በእሱ ስም ይጠራል፤ መድኃኒትም አለው፤ በቶሎ ከተጀመረ የልጁን አእምሮ ይጠቅማል። ችግሩ ሐኪም ፊት ልጁ አያደርገውም። እናት «እንዲህ ይላል» ብላ አንገቷን ደፍታ ታሳያለች፤ «ቁርጠት ነው» ተብላ ትመለሳለች። ለዚህ ዘመን ስልክ ጥሩ ነገር አምጥቷል። ሲያደርገው ቅረጹት። ግማሽ ደቂቃ ቪዲዮ ከአንድ ሰዓት ማብራሪያ ይበልጥብኛል።

የእህቴ ልጅ አራት ወር ከሁለት ሳምንት ሲሆነው ቤታቸው ሄድኩ። ጠግቧል፤ እጁን አፉ ውስጥ ከትቶ ራሱን ያጫውታል። ልምድ ሆኖብኝ አነሣሁትና ጭንቅላቱን ደግፌ ጥቂት ዝቅ አደረግኩት። ክንዶቹ አልተወረወሩም። ግንባሩን ቋጠር አድርጎ አየኝ፤ አኩርፎ ነው እንጂ ደንግጦ አይደለም። ጎንበስ ብዬ ከአልጋው እግር ሥር አየሁ፤ ቢላዋው የለም።

«እማዬ፣ ቢላዋው የት ሄደ?»

እናቴ ማድ ቤት ነች። ሽንኩርት ስትከትፍ ድምፁ ይሰማል።

«ምን ያደርግልኛል አሁን?» አለች ሥራዋን ሳታቋርጥ። «ድንጋጤው ለቀቀው እኮ!»